ለሲስተር የታለ፣ ስለ አምስቱ ካርዶች

እስቲ ከኋላ ያላችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉልኝ። ማይክራፎኑ ሞቷል። ልናድነው ሞክረን ነበር፤ የጥገናው ሰው ሁለት ጊዜ መጥቶ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ዝናቡም ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፤ እንግዲህ እኔ ልጩህ፣ እናንተ ተጠጉ። ዝግጅታችንም ይኸው ነው፤ ከተመላላሽ ሕክምና የተበደርናቸው የፕላስቲክ ወንበሮች፣ አንድ ኬክ፣ ለስላሳ፣ እና እኔ።

ሲስተር፣ እርስዎ ደግሞ ሰዓትዎን ማየት ይተዉልኝ። ከተቀመጡ ጀምሮ አራት ጊዜ አይተዋል። ቆጥሬያለሁ። ቁጠሪ ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ አሁን ማንን ሊከስሱ ነው?

ወደዚህ ሆስፒታል የመጡበትን ቀን እኔ አላየሁትም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ እኔ ያኔ ገና አልተወለድኩም። ያዩት እትዬ ናቸው። እትዬን ብዙዎቻችሁ አታውቋቸውም። የዚህን ዋርድ ወለል ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲወለውሉ ኖረው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ዛሬ ግን ለሲስተር ብለው በዚህ ዝናብ መጥተዋል። እሳቸው እንደነገሩኝ፣ አንዲት ቀጭን ልጅ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ታቅፋ በሩ ላይ ደረሰች። ጥበቃው ገና ከሩቅ እጁን አነሳ።

«መጽሐፍ መሸጥ በዚህ ግቢ ክልክል ነው!»

«አልሸጥም፤ ነርስ ነኝ። ዛሬ ነው ሥራ የምጀምረው።»

«ነርስ? ነርስ ይሄን ሁሉ መጽሐፍ ምን ያደርግላታል?»

«እኔም አላውቅም። ልግባና ልየው።»

«ቆይ እንጂ! ነርስ ለመሆንሽ ማስረጃሽ የታለ?»

የቅጥር ደብዳቤው የለም። ቦርሳ ተገለበጠ፣ ኪስ ተፈተሸ፣ የለም። እስከ ምሳ ሰዓት በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። እትዬ አዝነውላቸው ውሃ ሰጧቸው። ደብዳቤው የት የተገኘ ይመስላችኋል? መጽሐፉ ውስጥ፣ ሌሊት ሲያነቡ ያቆሙበት ገጽ ላይ፣ ዕልባት ሆኖ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይኸው ሠላሳ ስድስት ዓመት የዚያን ጥበቃ ቂም በእኛ ላይ ሲወጡ ኖረዋል። «ማስረጃው የታለ?» ስማቸውም በዚያው ቀረ። ሲስተር የታለ። ሳይሰሙ የምንጠራቸው መስሎን ነበር፤ ለካ ያውቁታል። አንድ ጊዜ የላቦራቶሪው ልጅ ስልክ ደውሎ «ሲስተር የታለን አገናኙኝ» ሲል ያነሱት ራሳቸው ነበሩ። «አለሁ፤ ውጤቱስ የታለ?» አሉት። ልጁ ስልኩን ዘጋው።

ዶክተር፣ አይሳቁ። እርስዎም አላመለጡም። ጠዋት በዙር ላይ «በሽተኛው ዛሬ በጣም ተሽሎታል» ብለው ወደ ሚቀጥለው አልጋ ሊያልፉ ሲሉ፣ «የታለ?» አሏቸው። «ምኑ ሲስተር?» «መሻሉ።» ሙቀቱ ሲለካ ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል። ዶክተር ተመልሰው ጆሯቸው ላይ ማዳመጫቸውን ሲሰኩ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ነበር።

የመድኃኒት ቤቷን ልጅ ደግሞ ተመልከቷት፣ ገና ሳልጀምር አቀርቅራለች። ያኔ እዚች ክፍል ውስጥ ተቀምጣ «እጮኛዬ እኮ እንዴት እንደሚወደኝ!» ስትል፣ ሲስተር ሻያቸውን እየጠጡ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ማስረጃው የታለ?» አሏት። አንድ ሳምንት አኮረፈቻቸው። ከዚያ ማስረጃ ፍለጋ ወጣች። የለም። ይኸው ዛሬ ሌላ ሰው አግብታ፣ ሁለት ወልዳ ከፊታችን ተቀምጣለች። እሱን ያገኘችው በማስረጃ ይሁን በዕድል አልጠየቅኳትም።

እጃቸው ላይ መጻፋቸውስ? ወረቀት እያለ፣ ሰሌዳ እያለ፣ የስንቱን ሰው ሙቀትና የሽንት መጠን በግራ እጃቸው ጀርባ ላይ በእስክርቢቶ ይጽፋሉ። ከዚያ እጃቸውን መታጠብ ስላለባቸው፣ ከመታጠባቸው በፊት አንዳችንን ጠርተው «ገልብጪ» ይላሉ። እኔ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ሦስት ወር ሙሉ የሰው እጅ ስገለብጥ ነው የከረምኩት።

ከሁሉም በላይ ግን የቁም ቅጣታቸው አለ። ይሄ በሌላ ቦታ ያለ አይመስለኝም። በስብሰባ ላይ «ድሮም እንዲህ ነው የምንሠራው» ያለ ሰው ስብሰባው እስኪያልቅ ይቆማል። በቃ። ምክንያት የለም፣ ማዕረግ የለም። የነርሶቻችን አለቃ ሜትሮን፣ እርስዎም አንድ ጊዜ አምልጦዎት ብለውታል። አርባ ደቂቃ፣ ያውም በረጅም ተረከዝ ጫማ። እኛ ሳቃችንን ለመያዝ ከንፈራችንን ስንነክስ ሲስተር «ሜትሮን ዛሬ አርአያ ሆነውናል» አሉና ቀጠሉ።

እሺ። ሳቅን። አሁን ግን ሐሙስን ላንሳ።

ከሌላ ክፍል የመጣችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ። እዚህ ዋርድ አዲስ የተመረቀ ነርስ ሲመጣ የመጀመሪያው ዓመት ላይ በየሐሙሱ ሁለት ሰዓት ይሰጠዋል። ያቺን ሁለት ሰዓት ከሥራው ላይ ቆርሰው የሰጡት ሲስተር ናቸው፤ እሱ ሲቀመጥ እሳቸው በእሱ ምትክ ይቆማሉ። አዲሱ ልጅ ከዋርዳችን አንድ ጥያቄ ይመርጣል፤ ለምን እንዲህ እናደርጋለን የሚል። ሌላ ቦታ የተጠናውን ፈልጎ ያነባል። ከዚያ ከእኛው አልጋዎች ላይ ይቆጥራል። ዓመቱ ሲያልቅ ቆሞ ያቀርባል። በማስረጃ ላይ የተመሠረተ አሠራር ይሉታል በትልቁ። ሲስተር «ዓይናችሁን ግለጡ» ነው የሚሉት።

በዚያች ሐሙስ ስንት ነገር ተለወጠ! ግን ማልቀስ ካማራችሁ ይሄንንም ስሙ፤ ባለፈው ዓመት ከተቀበልናቸው ዘጠኝ ተመራቂዎች አራት ናቸው የቀሩት። ወገቡ ያልቻለ ሄደ፣ ሆዱ ያልሞላ ሄደ። ከእኔ ጋር የጀመረው ልጅ፣ ረጅሙ የምንለው፣ ዛሬ ስልክ ይጠግናል። ሐሙስ ዕለት ዋርዱ ላይ ሰው ስለሌለ ሁለቱን ሰዓት የሚያስቀጥለው ሰው ካልተገኘ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ይቀራል ተብሎ ተጽፏል። ሜትሮን፣ አልወቀስኩዎትም፤ እርስዎም ቸግሮዎት ነው። ደብዳቤው «እስከ ሽኝቱ ዕለት» ይላል። ሽኝቱ ደግሞ ዛሬ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሲስተር በመድኃኒት ጋሪው በኩል ጠሩኝና «ሐሙስን አንቺ ትይዣለሽ» አሉኝ።

«አልይዝም» አልኳቸው።

ሰምታችኋል፤ ግድግዳ እንኳ ሰምቷል። ግማሾቻችሁ «ምን ኩራት ነው!» ብላችኋል፣ ግማሾቻችሁ «ወይ ውለታ ቢስ!» ብላችኋል። እኔም አልመለስኩም። ሲስተርም ለምን ብለው አልጠየቁኝም። የማይጠይቁት ነገር ኖሮ አያውቅም፤ ይህን አልጠየቁም። ምክንያቱን ስለሚያውቁ ነው። ከእኔና ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም፤ ዛሬ ልናገረው ነው። ሲስተር፣ እጅዎን ያውርዱ፤ አልተውም።

አራቱ ወንበሮች ባዶ መሆናቸውን አያለሁ። አዲሶቹ ልጆች የታሉ እያላችሁ ስትንሾካሾኩም ሰምቻለሁ። እሱንም እነግራችኋለሁ፤ ብቻ አትቸኩሉ።

አሥራ አንድ ዓመት ወደ ኋላ። እኔና ረጅሙ አዲስ ተመራቂ ነበርን። ጥያቄያችን ስለ መኝታ ቁስል ነበር። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ወገቡ ላይ፣ ተረከዙ ላይ መጀመሪያ ቆዳው ይቀላል፤ ከዚያ ይከፈታል፤ ከተከፈተ መከራ ነው። ያኔ በዚህ ዋርድ የቀላ ቆዳ ሲታይ በቅባት ይታሽ ነበር። ደም እንዲዘዋወር ነበር የሚባለው። ማሸቱን ለዋርዱ ያስተማሩት ሲስተር ናቸው፣ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ። በሽተኞቹም «የሲስተር እጅ» ነበር የሚሉት። «ዛሬ የሲስተር እጅ አልደረሰኝም» እያሉ ያለቅሱ ነበር። እውነትም እጃቸው ሙቅ ነው፤ ጨብጣችሁ ታውቃላችሁ።

እኔና ረጅሙ ማንበብ ስንጀምር፣ ያገኘነው ጽሑፍ ሁሉ የቀላውን ቆዳ አትሹ ይላል። ከሥር የተጎዳውን ሥጋ ይብሱን ይጎዳዋል ይላል። ተያየን። ረጅሙ «ማን ይነግራቸዋል?» አለኝ። «አንተ ረጅም ስለሆንክ አንተ» አልኩት። በመጨረሻ ሁለታችንም አብረን ሄደን ነገርናቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙንና «መልካም። ቁጠሩ» አሉ።

ፈቃድ ጠየቅን፤ ታካሚዎቹንም ቤተሰቦቻቸውንም አስረድተን እሺ አሰኘን። በግራ ረድፍ ያሉት እንደ ድሮው ይታሻሉ፤ በቀኝ ረድፍ ያሉት አይታሹም። ሁሉም ግን በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣሉ። አራት ወር ቆጠርን። ቆዳቸው የቀላ በግራ ሠላሳ አንድ፣ በቀኝ ሃያ ዘጠኝ። ቁስሉ የተከፈተባቸው በቀኝ አምስት። በግራ አሥራ ሁለት።

አሥራ ሁለት። የማቅረቢያው ቀን በማግስቱ ነበር። ያን ማታ ረጅሙ ተረኛ ስለነበር ወረቀቱን የማስተካክለው እኔ ነኝ። እነዚያን ካርዶች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ሲስተርን በሰው ፊት ላዋርዳቸው ነው? ደም መቅዳት ሲያቅተኝ እጄን ይዘው ያሳዩኝን ሴትዮ? ቤት ኪራይ ያጣሁ ጊዜ ሳሎናቸው ያስተኙኝን ሴትዮ? አንጀቴ እንቢ አለ።

ከግራው ረድፍ አምስት ካርድ አወጣሁ። «መረጃው ያልተሟላ» የሚል ሰበብ ጻፍኩና መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው። አሥራ ሁለቱ ሰባት ሆነ። ሰባትና አምስት፤ ይሄ ነው የሚባል ልዩነት የለም። ማንም አይዋረድም። እፎይ ብዬ ወረቀቱን ለሲስተር ሰጠኋቸው።

አዎ፣ እኔ ነኝ። አትንሾካሾኩ፤ በደንብ ሰምታችኋል። ቁጥር ሰረቅሁ። ሜትሮን፣ ነገ ቢሮ ቢጠሩኝ እመጣለሁ።

ሲስተር ወረቀቱን ቆመው አነበቡት። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«የሰባተኛ አልጋው መምህር የታሉ?»

ከእትዬ በቀር አሁን ማንም አያስታውሳቸውም። ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ፤ ካርዳቸው ላይ የፊደል ግድፈት ሲያዩ በእርሳስ ያርሙልን ነበር። ለእኔ ከአሥር አራት ሰጥተውኛል። ወገባቸው ላይ ቁስሉ ተከፍቶ የመጨረሻ ሦስት ሳምንታቸውን በጀርባቸው መተኛት ሳይችሉ ነው ያለፉት።

«መረጃው ... አልተሟላም ሲስተር» አልኩ።

«ቁስሉን በየቀኑ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ቁስሉ ነበር። ወረቀትሽ ላይ የታለ?»

ዓይኔ ወደ መሳቢያው ሄደ።

«የአሥራ አንደኛዋ፣ የልብስ ሰፊዋስ? የጥጓ አሮጊትስ?» አምስቱንም ጠሩልኝ። ካርድ አላዩም፤ በቃላቸው ነው። በእጃቸው አይደል የሚያውቋቸው።

እንባዬ መጣ። «እርስዎን ላለማሳፈር ብዬ ነው» አልኳቸው።

«እኔን ልታተርፊ አምስት ሰው ፋቅሽ?»

ይቺን ንግግር እስከምሞት አልረሳትም። ተሳደቡ ብትሉኝ አልተሳደቡም፤ ድምፃቸው እንኳ ከፍ አላለም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ በሥራ ሰዓት ሲቀመጡ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ዛሬም ድረስ ለማንም ያልነገሩትን ነገሩኝ። ሲስተር፣ ትናንት ፈቃድ ጠይቄዎት «እንደፈለግሽ» ብለውኛል፤ እናገረዋለሁ።

እናታቸው ስምንት ወር አልጋ ላይ ነበሩ። ቤት ውስጥ፣ በሳቸው እጅ። ማታ ማታ ከሥራ ገብተው፣ ጋውናቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ የእናታቸውን ወገብ ያሹ ነበር። «ሲቀላ አሸሁት» አሉኝ። «ሲብስ አብዝቼ አሸሁት። አጥንት እስኪታይ ደረሰ። የእኔ እጅ ባይኖር ይብስባት ነበር እያልኩ ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት። አሁን ግን አምስቱ ሲመለሱ ወረቀትሽ ሌላ ነገር ነው የሚለኝ።»

ምን ይባላል? እኔ ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከበሽተኞቹ አንዱ ደወለ፤ ሲስተር ተነስተው ሽንት መሽኛውን ወስደው ሰጥተው ተመለሱ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ሂጂ፣ አምስቱን መልሻቸው» አሉኝ። «ሌላውን ለእኔ ተዪው።»

በማግስቱ ስብሰባው እዚችው ክፍል ነበር። እኔና ረጅሙ ልናቀርብ ስንነሳ «ተቀመጡ» አሉንና ራሳቸው ወጡ። ቁጥሩን ሁሉ አነበቡ፤ አሥራ ሁለቱንም። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ሃያ አምስት ዓመት ያስተማርኳችሁ ስህተት ነው። እነዚህ ልጆች ቆጥረው አገኙት። ከዛሬ ጀምሮ የቀላ ቆዳ የሚያሽ እጅ በዚህ ዋርድ አይኑር፤ የእኔንም ጨምሮ።»

ዶክተር፣ እርስዎ ያኔ «ሲስተር፣ ቁጥሩ እኮ ትንሽ ነው» ብለው ነበር። አዝነውላቸው እንደሆነ አውቃለሁ። «ትንሽ ነው» አሉ እሳቸውም። «እኔም ትንሽ ነው ብዬ ልተወው ፈልጌ ነበር። ግን ሌላ ቦታ የተቆጠረውም ይህንኑ ይላል።»

ተናግረው ሲጨርሱ ወንበር ሳብንላቸው። አልተቀመጡም። ሌላ አጀንዳ ቀጠለ፤ የአንሶላ እጥረት፣ የፈረቃ ድልድል፣ አንድ ሰዓት ከሩብ። ሲስተር ግድግዳውን ተደግፈው ሳይሆን፣ እንዲሁ ቀጥ ብለው ቆመው ጨረሱት። ማንም ይቁሙ አላላቸውም፤ ቅጣቱን ለራሳቸው የሰጡት ራሳቸው ናቸው። ከዚያን ዕለት ወዲህ ነው እንግዲህ፣ በየዓመቱ የመጀመሪያዋ ሐሙስ ላይ አዲሶቹን ልጆች ሰብስበው «እኔ ከምሠራው ምኑ ስህተት ነው? ፈልጉና አምጡልኝ» የሚሏቸው። ልጆቹ ቀልድ ይመስላቸዋል።

ስለ አምስቱ ካርዶች ግን አንዲት ቃል ትንፍሽ አላሉም። አሥራ አንድ ዓመት! የጥናቱ ወረቀት ላይ የእኔ ስም አለ፤ በዚያ ወረቀት ተመስግኛለሁ፣ ሹመትም አግኝቼበታለሁ። ስለዚህ ነው ሲስተር «አልይዝም» ያልኩዎት። ቁጥር የሰረቀች ሴት፣ የተመረቁ ልጆችን ፊቷ አስቀምጣ «ማስረጃው የታለ?» የምትለው በየትኛው አፏ ነው? ዓይኔን በጨው አጥቤ ካልሆነ በቀር።

እናንተም ልብ ካላላችሁ ልንገራችሁ፤ ወንበሬ ባዶ እያለ ቆሜ የምናገረው ንግግር ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የቁም ቅጣቱን ለራሴ ሰጥቼ ነው።

ሰዓትዎን አዩ። አምስት። አሁን አልቀልድም፤ ለምን እንደሚያዩ ሁላችንም እናውቃለን። ባለቤታቸው ግማሽ ጎናቸው ከተያዘ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሲስተር ቤታቸውን ከሆስፒታሉ አጥር ሥር የተከራዩት ለዚህ ነው፤ በየሁለት ሰዓቱ ሮጠው ሄደው ከጎን ወደ ጎን አዙረዋቸው ይመለሳሉ። የእኛ ሻይ ሰዓት ለእሳቸው የማዞሪያ ሰዓት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ጀርባቸው ላይ አንዲት ቁስል የለችም። ጡረታ ወጡ ስንል እረፍት ገቡ ማለታችን አይደለም፤ ከአንዱ ፈረቃ ወደ ሌላው ነው የገቡት፣ ያውም ተቀያሪ ወደሌለበት። አሁን ጎረቤትየዋ ባለቤታቸውን እየጠበቁላቸው ነው፤ ማዞር ግን አይችሉም። ስለዚህ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ኬኩም ሳይቆረስ ሹልክ ሊሉ ነው ሐሳባቸው።

ሲስተር፣ ይቀመጡ። በሞቴ ይቀመጡ። እዚያ ሰው አለ።

አራቱ ልጆች እዚያ ናቸው። ሽኝቱን የቀሩት ምስጋና ቢስ ሆነው አይደለም። ትናንት መጥተው «እሳቸው ዝግጅቱን ሳይሳቀቁ እንዲጨርሱ እኛ እንሂድ» አሉኝ። ከጎረቤትየዋም ከባለቤትዎም ጋር ተነጋግረናል፤ እሳቸውም «ለአንድ ቀን እንኳ ሌላ ፊት ልይ» ብለዋል። ልጆቹ አንድ ነገር ብቻ ቃል ገብተውልኛል፤ አዙረው ሲጨርሱ እንዲጽፉልኝ። ስልኬን የያዝኩት ለዚያ ነው እንጂ ለመጎርጎር አይደለም።

ይኸው ነዘረ።

ላንብበው። «አሥር ሰዓት ላይ ወደ ግራ ጎናቸው አዙረናቸዋል። ተረከዛቸውን ከፍራሹ ከፍ አድርገናል። ወገብ፣ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ ሁሉንም አይተናል፤ አልቀላም። አላሸንም። ማስረጃው የታለ እንዳይሉን የማዞሪያው ወረቀት ላይ አራታችንም ፈርመናል። ሲስተር ኬክ ይብሉ። ደግሞ አንድ ጥያቄ አለን። ጥሩ ፍራሽ ላይ ለተኛ ሰው የግድ በየሁለት ሰዓቱ ነው? በየሦስትና በየአራት ሰዓት የሞከሩ ያሉ ይመስለናል። ሦስት ዓመት ስህተት ሠርተው ከሆነ እንዳይከፋቸው። ፈልገን ሐሙስ ብናመጣው ለማን ነው የምናቀርበው?»

ሳቁ እሺ። ሲስተር ራሳቸው እየሳቁ ነው፤ እያለቀሱም ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ያየኋት ያቺን «እንዳይከፋቸው» የምትለዋን ነው። እኔ እንዳይከፋቸው ብዬ አምስት ሰው ደበቅሁ። እነዚህ እንዳይከፋቸው ብለው፣ ግን ጠየቁ። የልጆቹ ብልጫ ይሄ ነው። እኔ አላስተማርኳቸውም፤ እርስዎ ነዎት። ጥያቄያቸው እውነት ከሆነ ደግሞ፣ ሲስተር፣ ሌሊት ሌሊት አንድ ሁለት ሰዓት እንቅልፍ ሊያገኙልዎ ይችላሉ። በሦስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ይሆናል።

ልመልስላቸው ነው። እየጻፍኩ ጮክ ብዬ ላንብብ፤ ሜትሮንም ይስሙኝ፣ ደብዳቤውም ይስማ። «ለእኔ ነው የምታቀርቡት። ሐሙስ፣ በተለመደው ሰዓት። መጀመሪያ ግን ስለ አምስት ካርዶች የምነግራችሁ አለ፤ እሱን ከሰማችሁ በኋላ ልትሰሙኝ ከፈለጋችሁ።» ላክሁት።

ሲስተር፣ ስለ ሙቁ እጅዎ አመሰግናለሁ፤ ስህተት የሠራበትን ጊዜ ጨምሮ፣ በፍቅር ነበርና። አሥራ አንድ ዓመት ስለሸሸጉኝ አመሰግናለሁ። አምስቱን መልሻቸው ስላሉኝ ደግሞ፣ እንዴት እንደማመሰግን አላውቅም። ሰው መሆኔን ያገኘሁት በዚያች ማታ ነው።

እንግዲህ ብርጭቆ አንሱ። ለስላሳም ይሁን ውሃ፣ የያዛችሁትን። ወገብዎን ይጠብቅልዎት፣ ባለቤትዎን ያቆይልዎት፣ እንቅልፍ ይስጥዎት። በርዎን ስናንኳኳ ማስረጃ ሳይጠይቁ ያስገቡን።

ሁላችንም ቆመን ነው የምንጠጣው። ዶክተር፣ ይነሱ። ሜትሮን፣ እርስዎም። እትዬን ደግፏቸው፤ መነሳት ይፈልጋሉ። ያን ቀን አንድ ሰዓት ከሩብ ብቻቸውን የቆሙትን ዛሬ እኛ እንቁምላቸው።

ሲስተር፣ እርስዎ ግን ይቀመጡ።